የደባርቅ የቀበሌ ቤቶች፤ ማን ሠራቸው? ማን ኖረባቸው?



በየዓመቱ በምናወጣት በዚህች መጽሔታችን የሒሳብ ሪፖርታችንና የሟች አባሎቻችን ስም ይወጣል። ይኸ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ወጣቶች «የሟቾቻችን ስም ከተጻፈ የኖሩበት ቤት ታሪክስ ለምን አይጻፍም? ይኸ የቀበሌ ቤት የምትሉት ከወዴት መጣ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ብዙ ዘመን በጸሐፊነት ስለሠራሁና ራሴም የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኜ ልጆች ስላሳደግሁበት፣ ያየሁትንና ከአባቶች የሰማሁትን በአጭሩ ላቅርብ።

ከጣሊያን ጦርነት በኋላ

የከተማችን የቤት ታሪክ ከመንገዱ ይጀምራል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረ በኋላ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየጠመዘዘ አወጣው። ያን መንገድ ያየ ሰው ምን ያህል ድንጋይ እንደተፈለጠበት፣ ምን ያህልስ የሰው ጉልበት እንደፈሰሰበት ሳይነግሩት ያውቀዋል። ጣሊያን የቆረጠው ለራሱ ጦር ማመላለሻ ነበር፤ በኋላ ግን ለእኛ የንግድ በር ሆነ።

ግርማዊነታቸው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በእኛ በኩል ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ባለው የወልቀፊት በር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ስለዚህ አዲስ አበባ እልልታ ሲሰማ የደባርቅና የዳባት ገበሬ ገና የመድፍ ድምፅ እየሰማ ነበር ማለት ነው። ልጆቻችን ይኸን ቢያውቁት መልካም ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ ቀረ፤ በመንገዱም ዳርና ዳር ከተማው አደገ። ደባርቅ የስሜን አውራጃ፣ ዳባት የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነው ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት ገባባቸው። ከጎንደር ወደ አስመራ የሚሄደው የጭነት መኪና ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ደባርቅ ላይ ይቆማል፤ ከታች የሚመጣውም ዳገቱን ጨርሶ እዚሁ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሹፌሩ ማደሪያ፣ ረዳቱ ምግብ፣ መምህሩና ፖሊሱ የሚከራየው ቤት ይፈልጋል። ገንዘብ ያለው ሰው ቦታ እየመራ ቤት ይሠራ ጀመር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ በማገር ይታሰራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት ከሰነበተ በኋላ ይመረጋል። መጀመሪያ ጣሪያው ሣር ነበር፤ በኋላ ቆርቆሮ መጣ። የደባርቅ ብርድ የታወቀ ነው። ሣሩ ሙቀት ይይዛል ግን እሳት ይፈራል፤ ቆርቆሮው እሳት አይፈራም ግን ሌሊት እንደ በረዶ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ በማዳበሪያ ጆንያ ይሠራ ነበር። ባለቤቱ በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ለሱቅና ለጠላ ቤት ያደርገዋል፤ ከጓሮ ደግሞ ተርታውን አራትም አምስትም ክፍል እያስደገፈ ለተከራይ ይሰጣል። ዛሬ የቀበሌ ቤት የምንላቸው አብዛኞቹ እነዚህ የጓሮ ተርታ ክፍሎች ናቸው። መንግሥት የሠራቸው የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም፤ የሠራቸው የከተማው ሰው ነው፤ ያውም በጠላ ሻጭ እናቶች ቁጠባ የተሠራው ቀላል አይደለም።

አዋጁ

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይይዛል፤ ለመኖሪያ የሚሆነው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም ተባለ። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ተወሰደ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲተዳደሩ ተደረገ። በእኛ ከተማ 100 ብር የሚከራይ ቤት ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀበሌ እጅ ገባ።

ኪራዩም ወዲያው ተቀነሰ። ቅናሹ እንደ ኪራዩ መጠን ከ15 እስከ 50 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ድሃ የበለጠ ይቀነስለታል። ትርፍ ቤቱን ተወስዶበት ሌላ ገቢ ለሌለው ሰውም በወር እስከ 250 ብር የሚደርስ መተዳደሪያ እንዲሰጠው በአዋጁ ተጽፏል።

ወገኖቼ፣ ይኸን ነገር በሁለት በኩል ካላዩት እውነቱ አይገኝም። ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት «ነገ ውጣ» ቢባል የሚከራከርበት የለውም። አንዲት እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከአዋጁ በኋላ ነው ዕቃዬን ከግድግዳ ላይ የሰቀልሁት» ብላኛለች። እስከዚያ ድረስ ስፌቷንና ሞሰቧን ጠቅልላ ነበር የምታስቀምጠው፤ መቼ እንደምትባረር አታውቅማ!

በሌላው በኩል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ አምስት ክፍል የሠራ ሰው ነበር። ፊውዳል አልነበረም፤ ርስትም ጭሰኛም አልነበረው። ዕንጨት ከጫካ በትከሻው ያመጣ ሰው ነው። በአንድ ቀን አራቱ ክፍል የቀበሌ ሆኖ እሱ አንዱ ውስጥ ቀረ። ይኸውም በዚያው ግቢ፣ ከቀድሞ ተከራዮቹ ጋር፣ አንድ ሽንት ቤት እየተጋራ ማለት ነው። ትናንት ኪራይ ሲሰበስብ የነበረ ሰው ዛሬ ከእነሱ ጋር በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል።

መዝገቡና ደረሰኙ

እኔ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስገባ ይኸ ሁሉ ተደርጎ ነበር። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 104 እንደገና ተደራጅተው ሊቀ መንበር፣ ፍርድ ሸንጎና አብዮት ጥበቃ ነበራቸው። ለጸሐፊ የተሰጠው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተም፣ የቤት መዝገብና የደረሰኝ ጥራዝ ነው። ቤቱ ሁሉ ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩም በቆርቆሮ ላይ በቀለም ተጽፎ በበሩ ላይ ተቸነከረ። መዝገቡ የቤት ቁጥር፣ የተከራይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የክፍል ብዛትና የወር ኪራይ የሚል ዓምድ አለው። የቀድሞ ባለቤት የሚል ዓምድ ግን አልነበረውም። ይኸን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙው የጓሮ ክፍል ኪራይ 10 ብር አይሞላም ነበር። ያም ቢሆን ወር በሞላ ቁጥር ሁሉም አይከፍልም። ቀን ሠራተኛው «ለገና እከፍላለሁ» ይላል፤ ገና ሲመጣ «ለፋሲካ» ይላል። የደረሰኙ ጉርድ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ሁሉም የጣት አሻራ ነው፤ ሰማያዊ በሰማያዊ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ግን ፊርማ ይታይ ጀመር። መጀመሪያ አንድ ፊደል፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ የአባት ስም። እናቶቻችን ማታ ማታ በኩራዝ ተምረው፣ ብዕር እንደ ማማሰያ በጡጫቸው ጨብጠው ስማቸውን ሲጽፉ ያየሁበት ወረፋ ከሥራዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ከዚያም በ1976 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብና የቤት ቆጠራ ሲደረግ የቤት ቁጥሩ ለቆጣሪዎቹ መንገድ መሪ ሆነ።

ቀበሌ የኪራይ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም። መታወቂያ፣ መሸኛ ደብዳቤ፣ የኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና፣ የጋብቻም የጠብም ጉዳይ እዚያው ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ደግሞ የወጣቶች ምዝገባም በዚያው መዝገብ ቤት አለፈ። ከየግቢው ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች አሉ፤ አስከሬን ሳይመጣ ለቅሶ የተቀመጥንባቸውን ቀናት የዚህ እድር ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

የግቢው ኑሮ

የግቢውን ኑሮ ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። አምስትና ስድስት ቤተሰብ በአንድ በር ይገባል። የግድግዳው ጭቃ ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስል «ይማርህ» ይባላል። ውሃ ከቦኖ ነው፤ ወረፋው ሌሊት ይያዛል፣ እንስራና ጀሪካን ተሰልፎ ባለቤቱ ተመልሶ ይተኛል፤ የሰው ተራ የሚነካ የለም። ምድጃው በየቤቱ ቢሆንም እሳቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በገል ይጫራል። ቡና የሚጠጣው በተራ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ግቢ ስለሚኖር በጾም ቀን የሚበላው ሥጋውን ገባ ብሎ ይበላል፤ ለዓመት በዓል የተለየ ድስት ይቀመጥለታል። ጠብም ነበረ። ስለ ሽንት ቤት ጽዳት፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ፍርድ ሸንጎ የተካሰሰ ብዙ ነው። ማታ ግን ምጥ የያዛት ሴት ካለች የተካሰሰውም ሰው ነው ቃሬዛ የሚይዘው።

ችግሩ የቤቱ እድሳት ነው። አስቡት፤ አዋጁ ኪራዩን ቀነሰ፤ የተቀነሰው ኪራይ ዘመን ቢለወጥም ብዙ ሳይለወጥ ቆየ። የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ግን ቆሞ አልጠበቀም። ከኪራዩ የተሰበሰበውም ለአካባቢው ልማት ጭምር የሚውል ነው፤ ድልድይም፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽም ከዚያው ነው የሚሠራው። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ቤቱ የሱ አይደለም፤ ገንዘቡን ለማን ይከትታል? የቀድሞው ባለቤትም የሱ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ባለቤት የሌለው ቤት ሆነ ማለት ነው። በክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ድስትና ሳፋ ይደቀናል፤ ምሰሶው ሲበሰብስ በድጋፍ ይቆማል። በድርጊቱ ማንም ክፉ ሰው ሳይኖርበት ቤቱ በአሠራሩ ብቻ ይፈርስ ነበር።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር ነበረ። በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማዘጋጃ ቤቶች ለሠራተኛው ሕዝብ ብዙ የኪራይ ቤት ሠሩ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተከራዩ የኖረበትን ቤት እንዲገዛ የሚፈቅድ ሕግ ወጣላቸው። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ መንግሥት አዲስ ሠራ፤ እኛ ዘንድ የተሠራውን ወሰደ። ያም ሆኖ በሁለቱም አገር የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቤቱን የሚያድሰው ማን ነው?

እድሩ የሠራው ሥራ

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። አዋጅ ቤት ሊወስድና ሊሰጥ ይችላል፤ ቂም ግን ማውጣት አይችልም። ከአዋጁ በኋላ በአንድ ግቢ እየኖሩ ለዓመታት ሰላምታ ያልተለዋወጡ የቀድሞ ባለቤትና ተከራይ ነበሩ። ስም አልጠራም፤ ሁለቱም አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ግን ከእኛ ጋር አሉ። ባለቤቱ ቀድሞ ሲታመም እሱን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰው ያው ተከራይ ነው። ሲያርፍ ደግሞ ጥሩምባው ተነፋ፤ ድንኳኑ የት ይተከል ተባለ። ግቢው ጠባብ ነው፤ ከተከራዩ በር ፊት ካልሆነ ቦታ የለም። ተከራዩ በሩን ነቅሎ አስቀመጠ፤ ዕቃውን ወደ ጎረቤት አውጥቶ ቤቱን ለለቅሶተኛ ሰጠ። «የሠራው እሱ ነው፤ ዛሬ እንኳ ሙሉውን ይያዘው» አለ። እኔ በዚያን ጊዜ የመዋጮ መዝገብ ይዤ ከድንኳኑ አፍ ተቀምጬ ነበር። በቀበሌው መዝገብ ላይ ያልነበረው «የቀድሞ ባለቤት» የሚለው ዓምድ በዚያ ቀን በሰው አፍ ተሞላ።

ይኸን የምነግራችሁ ለማስለቀስ አይደለም። እድር ከቀበሌም ከአዋጅም የማይገኝ ሥራ እንደሚሠራ ለማስረዳት ነው። ሁለቱ ሰዎች በስብሰባ አልታረቁም፤ በፍርድ ሸንጎም አልታረቁም። ሟች ሲቀበር የሁለቱም መዋጮ እኩል ነበር፤ ንፍሮው አንድ ነበር፤ ወንበሩም አንድ ዓይነት ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀበሌው ሹማምንት ተበተኑ፤ ጽሕፈት ቤቱም ለጥቂት ጊዜ ክፍት ቀረ። የቤት መዝገቦቹ ያልጠፉት ሽማግሌው ዘበኛ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ቤታቸው ስለወሰዷቸው ነው። ማንም አላዘዛቸውም። «የሰው ቤት ያለበት ወረቀት ነው፤ ቢቃጠል ነገ ሰው በሰው ላይ ይነሣል» ነበር ያሉት። መጻፍ የማይችሉ ሰው ነበሩ፤ ወረቀት ምን እንደሆነ ግን ከብዙዎቻችን ይበልጥ ያውቁ ነበር።

የአዲሱ መንግሥት ሕግም የከተማ ቦታን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ስለቀጠለ የቀበሌ ቤቶቹ የመንግሥት ሆነው ቆዩ። ከተማው ግን አደገ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ደባርቅ ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪ ተመዘገበባት፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆነች።

ሌላም ታሪክ መጣ። የግጭ መንደር ሕዝብ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከአባት ከአያት ጀምሮ ገብስ እያረሰ፣ ከብት እያረባ የኖረ ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተባለ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከመውጣቱ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ 418 የግጭ አባወራዎች ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ዋሊያው ተጠቀመ፣ አገርም ተመሰገነች፤ መልካም። ነገር ግን ገበሬ ሰው ከተማ ገብቶ በገንዘብ እህል ሲገዛ ምን እንደሚሰማው እሱ ነው የሚያውቀው። ቆርቆሮ ቤት በጥቂት ወራት ይቆማል፤ ጎረቤት ግን በጥቂት ወራት አይቆምም። አብዛኞቹ እስላሞች ስለሆኑ የቀብሩ ሥርዓት የራሳቸው ነው፤ ለቅሶ መድረስና ማጽናናት ግን የሁላችንም ነው። የእኛ አያቶች ከመንገዱ ዳር ሲሰፍሩ እንግዳ እንደነበሩ አንርሳ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ድረስ ሲደርስ የደረሰውን እልቂት ሁላችን እናውቀዋለን፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ያን ጊዜ ደባርቅ የተፈናቃይ መጠለያ ሆና ትምህርት ቤቶቿ በሰው ተሞልተው ነበር። በእነዚያ ባረጁ የጓሮ ክፍሎች ውስጥም አንድ ቤተሰብ በሚኖርበት ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ገብቶ ከረመ። ያረጀ ጭቃ ቤት ነው ብለን የምንንቀው ለስንት ሰው ከብርድ ማምለጫ እንደሆነ ያን ክረምት አይተናል።

ምን እናድርግ?

ታሪክ አውርቶ ዝም ማለት አይበቃም። እኔ በመዝገብ ቤት ያየሁት ትልቁ ችግር ሞት ሲመጣ የሚነሣው ጠብ ነው። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ስለሆነ እንደ ግል ቤት አይሸጥም፣ በኑዛዜም አይከፋፈልም። ውሉ ላይ ያለው ስም ግን ብዙ ጊዜ የአባወራው ብቻ ነው። ሰውየው ሲያርፍ ሚስቲቱና አብረው የኖሩት ልጆች ወረቀት ፍለጋ ይንከራተታሉ፤ ሰልስቱ ሳያልቅ ክርክር ይጀመራል። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በቀበሌ ቤት የምትኖሩ አባላት በሕይወት ሳላችሁ ውላችሁ ላይ የማን ስም እንዳለ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ባልና ሚስት ከሆናችሁ የሁለታችሁም ስም እንዲገባ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የኪራይ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። የጠፋ ደረሰኝ ያልተከፈለ ኪራይ ነው። አይጥ በማይደርስበት ቦታ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ እድራችን አንድ ደብተር ይክፈት። የቤት ቁጥር፣ ማን እንደሠራው፣ እነማን እንደኖሩበት፣ ከዚያ ቤት ማን ማን እንደተቀበረ ይጻፍበት። ይኸ ለክስ የሚሆን መዝገብ አይደለም፤ ቤት ለማስመለስም አይደለም። የሠራውም የኖረበትም በአንድ ገጽ ላይ እንዲገኝ ነው። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ በዚህች መጽሔት የሟቾች ዝርዝር ላይ የምታዩት ይኸንኑ ነው። ኮሚቴው ከፈቀደ የጽሕፈቱን ሥራ ያለ ክፍያ እኔ እጀምረዋለሁ፤ እጅ ጽሕፈታቸው ያማረ ሁለት ወጣቶች ግን ይሰጡኝ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንድትነጋገሩበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ለሞቱት ዕረፍትን፣ ላለነው ጤናና ፍቅርን ይስጠን።